ለጊደር የማይሆን ኮርማ

ናኩሩ፣ ኬንያ
ጥቅምት 12 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደሞዝ ባለቤት ለሺታዬ፣

የወንድሜን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልኝ። አንቺንም ጤና አይንሳሽ። እኔ ከወገብ ሕመም በቀር ደህና ነኝ።

የደሞዝን ሞት የሰማሁት ከተቀበረ ከአምስት ወር በኋላ፣ ከአንድ የከባድ መኪና ሾፌር አፍ ነው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርሽ ሴት ሆነሽ ሳለ፣ ለሟች ታላቅ ወንድም አንድ መስመር አለመላክሽን ለፈጣሪ ትቼዋለሁ። አሁን የምጽፍልሽ ስለ ከብቶቹ ነው።

ሁለቱ ላሞች የተገዙት እኔ በላክሁት መሆኑን ታውቂያለሽ። ከነሱ የተወለዱት ስድስት ጊደሮች የማን እንደሆኑ መንገር አያስፈልገኝም። ደሞዝ አደራ ጠባቂ ነበር፤ አሁን አደራው ካንቺ እጅ ወድቋል።

እኔ እዚህ ሦስት ሺህ የሥጋ ከብት ባለበት እርሻ የእረኞች አለቃ ነኝ። ኮርማ የአንድን አገር ከብት እንዴት እንደሚለውጥ በዓይኔ አይቻለሁ። የኛ ላም ከፍየል ትንሽ ከፍ ብትል ነው። ስለዚህ በመቱው የከብት ነጋዴ በፍቃዱ በኩል አንድ ኮርማ አስገዝቼ ልኬልሻለሁ። ቀይ ነው፤ ግንባሩ ነጭ ሆኖ የፈረንጅ ደም አለበት። አንዱ ጭኑ የናንተን በሬ ያህላል።

የምልሽን አጥብቀሽ ያዢ። በበረቱ ያለውን ወይፈን ሁሉ አስኮላሺ። ስድስቱም ጊደሮች፣ ሁለቱም ላሞች፣ ከዚህ ኮርማ በቀር በሌላ እንዳይጠቁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከኢታንግ እስከ ጋምቤላ ያለ ሰው የዘርአብሩክን ከብት ሳይጠይቅ ይለያል። «ከሰፈራው ጠፋ፤ ወንድሙን ጥሎ ነፍሱን አዳነ» ያሉኝ ሁሉ ያኔ ያዩታል።

መልስሽ እንዳይዘገይ።

ዘርአብሩክ

*

ኢታንግ ወረዳ፣ ከሰፈራ መንደራችን
ጥር 3 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም ለጋሽ ዘርአብሩክ፣

ሰላምታዬ ዝቅ ብሎ ይድረስዎ። በሰው አገር የጠበቀዎት አምላክ ወደፊትም አይለይዎት። እኔ በወባው መካከል ቆሜ እሄዳለሁ፤ ተመስገን።

የደሞዝን ሞት ያልጻፍሁልዎ በንቀት አይደለም። ደሞዝ አድራሻዎን በሕይወቱ ሳለ አሳይቶኝ አያውቅም። ከሞተም በኋላ ሣጥኑን ገልብጬ አጣሁት። አሁን ገና ከደብዳቤዎ ጀርባ ማንበቤ ነው።

ኮርማው ኅዳር ሃያ አራት ደርሷል። ፍቃዱ ከጋምቤላ በእግር ሲነዳው ሦስት ቀን ፈጀበት። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ አየው። አልዋሽም፤ የሚያምር ከብት ነው። ትከሻው እንደ በር ሰፊ ነው፤ ራሱ ብቻ ከኛ ጥጃ ይከብዳል። እኔን ያስፈራኝም ይኸው ነው።

አንቱ ጊደሮቹን አላዩዋቸውም። የረድዋንን ነገር አልሰሙ ይሆናል፤ የጎረቤታችን የሐጂ ልጅ ነው፤ ክልሉ ከተቋቋመ ወዲህ በወረዳው የከብት ሕክምና ተቀጥሯል። የጊደሮቹን ደረት በሜትር ለካና «አንዳቸውም ሁለት መቶ ኪሎ አይሞሉም፤ ዳሌያቸውም ጠባብ ነው» አለኝ። «እትዬ ሺታዬ፣ ይህን ኮርማ ለሁለቱ ላሞች ስጪው፤ አምስት አምስት ጊዜ ወልደዋል፤ መንገዳቸው ተከፍቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትወልድ ጊደር ግን አይሆንም። ጥጃው ማለፊያ ያጣል» አለኝ።

እኔም አንድ ሰው ብቻ አልጠየቅሁም። ኢታንግ ገበያ በቆሎ ሰጥቼ ወተት የምቀበላት ኛኳች የምትባል የኑዌር ሴት አለች። ባሏ ሪክ አንድ ዳለቻ ኮርማ አለው፤ ቁመቱ መጠነኛ ነው። «ኛኳች፣ እናንተ ለጊደር ኮርማ ስትመርጡ ምኑን ታያላችሁ?» አልኋት። አማርኛዋን እንዳለ ልጻፍልዎ፦ «ኮርማ አታይ፤ ጥጃ እይ። ጥጃ ሲወለድ ራሱ ቀጭን ነው? ትከሻው ጠባብ ነው? እሺ ነው። የኮርማው እናትስ? ብቻዋን ወልዳ ነው፣ ወይስ ሰው ጎትቶ ነው? እሱን ጠይቅ።»

እኔም አንቱን ልጠይቅ። ባሉበት እርሻ ከትልልቆቹ ኮርማዎች የሚወለደው ጥጃ በተወለደ ዕለት ስንት ኪሎ ይመዝናል? መጀመሪያ የሚወልዱትንስ ጊደሮች የምታስጠቁት በየትኛው ኮርማ ነው? ይህን ካወቅሁ ልቤ ያርፋል። መልስዎ እስኪመጣ ኮርማውን ከላሞቹ ጋር ብቻ አደርገዋለሁ። ጊደሮቹን፣ ከፈቀዱልኝ፣ ሪክ ዘንድ ልወስዳቸው አስቤአለሁ።

ይህን ደብዳቤ በፑኝዶ የስደተኞች ካምፕ የምትሠራ ሀሌሉያ የምትባል ነርስ ወደ ናይሮቢ ለሚሄድ ባልደረባዋ ትሰጥልኛለች።

ምክርዎን የምጠብቅ
ሺታዬ

*

ናኩሩ
መጋቢት 20 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለሺታዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳቅሁ።

እኔ ስምንት ዓመት ከፈረንጅ ከብት ጋር ኖሬ፣ ገበያ ላይ ወተት የምትሸጥ ሴት ኮርማ ልታስመርጠኝ ነው? ያ ሐኪም ነኝ ባይ ልጅስ የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናቱ ቀዳዳ ሸማ ለብሳ ከአምባሰል ስትመጣ አይቻታለሁ። ሜትር ስለያዘ ዐዋቂ ሆነ?

ስለ ጥጃ ኪሎ ጠይቀሽኛል። የእርሻው ጉዳይ ያንቺ ጉዳይ አይደለም። አንቺ የታዘዝሽውን ፈጽሚ። ጊደርን ፈጣሪ ለመውለድ ፈጠራት። በምጥ የምትሞት ጊደር ካለች፣ መጀመሪያም ለዘር የማትሆን ነበረች፤ ደካማዋ ትለይ፣ ጠንካራዋ ትቅር። የከብት እርባታ ማለት ይኸው ነው።

ከብቶቼን ሪክ ለሚባል ሰው ኮርማ አሳልፈሽ ብትሰጪ፣ ከኔም ከሕግም ጋር ትጣያለሽ። የአክስቴ ልጅ ወንዳፍራሽ ጋምቤላ ከተማ መምህር ነው። ጽፌለታለሁ። መጥቶ በፊቱ ያስጠቃቸዋል። የሚያስፈልገውን ምግብና ማደሪያ አሰናጂለት።

ዘርአብሩክ

*

ኢታንግ ወረዳ
ሐምሌ 11 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለጋሽ ዘርአብሩክ፣

ጤናዎን እመኛለሁ።

መምህር ወንዳፍራሽ ሰኔ አጋማሽ ላይ የርስዎን ወረቀት ይዞ መጣ። ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። በበረቱ ያገኛቸውን አራት ጊደሮች፣ ዳለቻን፣ ወይንቱን፣ ሻሺትንና ቡሪትን፣ ለስሪያ በመጡ ቁጥር በርስዎ ኮርማ አስጠቃቸው። ወይንቱ ከክብደቱ የተነሣ ሁለት ጊዜ በጉልበቷ ወደቀች። ወንዳፍራሽም ፊቱን አዞረ፤ ክፉ ሰው አይደለም። «እኔ የታዘዝሁትን ነው፤ ከብት አላውቅም» አለኝ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሺታዬ

*

ናኩሩ
ታኅሣሥ 9 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለሺታዬ፣

ለመጪው ልደት እንኳን አደረሰሽ። ወንዳፍራሽ ሁሉንም ጽፎልኛል። መጨረሻ ላይ የኔው ቃል እንደሚጸና ከመጀመሪያው ብታውቂ ኖሮ ይህ ሁሉ ወረቀት ባላለቀ።

ጥጃዎቹ በመጋቢት መጨረሻ ይወርዳሉ። ጊደሮቹ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት መኖ አይጉደልባቸው። ጥጃዎቹ ሲወለዱ መዝኚና ኪሎውን ጻፊልኝ፤ ትልቅነታቸውን ለማየት ቸኩያለሁ። ፎቶ የሚያነሣ ሰው ከጋምቤላ ከተገኘ ከኮርማው አጠገብ ቆመው ይነሡ። ሥዕሉን እዚህ ለሚንቁኝ ሰዎች አሳያለሁ።

አንድ ነገር ግን አለ። ወንዳፍራሽ አራት ነው የሚለው፤ አንቺም አራት ብለሽ ጽፈሻል። ጊደሮቹ ስድስት ናቸው። ሁለቱ የት ናቸው? በሚቀጥለው ደብዳቤ ይህን ሳትሸፋፍኚ ንገሪኝ።

ዘርአብሩክ

*

ኢታንግ ወረዳ
ሚያዝያ 3 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለጋሽ ዘርአብሩክ፣

ለዚህ ደብዳቤ ሰላምታ ፈልጌ አጣሁ። እግዚአብሔር የሰማሁትን ያሰማዎ፤ ያየሁትን ግን አያሳይዎ።

ጥጃ መዝኚ ብለዋል። መዝኛለሁ።

ዳለቻ መጋቢት ሃያ አንድ ቀን ቅዳሜ ማለዳ ማማጥ ጀመረች። ሁለት የፊት እግር ወጣ፤ የእያንዳንዱ ውፍረት የሰው ክንድ ያህላል። ከዚያ ቆመ። ረድዋን ከኢታንግ በብስክሌት እኩለ ቀን ላይ ደረሰ። እጁን በሳሙና ቀብቶ አስገብቶ ፈተሸ። «አልተጣመመም። አቀማመጡ ትክክል ነው። በቃ ትልቅ ነው» አለ። እስከ ማታ ታገለ። ዳለቻ እሑድ ቀትር ላይ፣ ጥጃዋ ከውስጧ ሳይወጣ፣ ሞተች።

ወይንቱን አራት ወንዶች ገመድ አስረው ጎተቱላት። ጥጃው ሞቶ ወጣ። ረድዋን ካምፑ ውስጥ ሕፃናት የሚመዘኑበትን የሚንጠለጠል ሚዛን ከሀሌሉያ ተውሶ ይዞ ነበር። ሚዛኑ ሃያ አምስት ኪሎ ድረስ ብቻ ነው፤ ጥጃውን ስንሰቅለው ቀስቱ እስከ መጨረሻው ሄዶ ቆመ። ወስደን በእህል ሚዛን መዘንነው፤ ሠላሳ ሰባት ኪሎ። ኪሎውን ቸኩለው ስለነበር ነው የምጽፍልዎ። ወይንቱ የኋላ እግሮቿ አልታዘዝ አሏት። ስምንት ቀን በጆንያ ደግፈን እያነሣን እናገላብጣት ነበር። ውኃ በእጄ አጠጣኋት። ትናንት መታረድ ነበረባት። ጾም ስለሆነ እኛ አልቀመስነውም፤ የነረድዋን ቤተሰብ አርደው ወሰዷት።

ሻሺት ተርፋለች፤ ጥጃዋም በሕይወት አለ፤ ሠላሳ ሦስት ኪሎ። እሷ ግን ተቀድዳ ቁስሏ እየመረቀዘ ነው። ቡሪት ገና ናት። ሌሊት እየተነሣሁ በረቱ ውስጥ አያታለሁ።

ሁለቱ የት ናቸው ብለዋል። ወንዳፍራሽ ይመጣል ያሉበት ደብዳቤ በደረሰኝ ማግሥት፣ እሱ ሳይመጣ፣ ከስድስቱ ትንንሾቹን፣ ነጪትንና ጥቁሪትን፣ ለሪክ ኮርማ ሰጠኋቸው። አልሸፋፈንሁም፤ ዘረፍሁዎት። ነጪት የወለደችው አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ነው። የጥቁሪት ሃያ አንድ ኪሎ ነው። ጥቁሪት ስትወልድ ያየ ሰው የለም፤ ጠዋት ስሄድ ጥጃዋ ቆሞ ይጠባ ነበር።

«በምጥ የምትሞት ጊደር መጀመሪያም ለዘር የማትሆን ነበረች» ብለው ጽፈዋል። ያቺን ወረቀት ዓመት ሙሉ ከደረቴ አላወጣኋትም። ከዚህ መስመር ጀምሮ አንቱ አልልህም።

ኮከብን በወባ ሞተች ብሎ ደሞዝ ጽፎልሃል። ዋሽቶሃል። ሚስትህ የሞተችው በምጥ ነው።

በጥር ወር ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ከሌሎቹ ጋር ወደ ሱዳን ጠፍተህ ስትሄድ የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው። አባቷ አሥራ ስምንት ነው ቢልህም፣ አንተም ዓይን ነበረህ። ሚያዝያ ላይ ያዛት። ሦስት ቀን። አዋላጇ «ልጁ በደንብ ነው የመጣው፤ መንገዱ ጠባብ ነው» አለች። እኔ ከጀርባዋ ሆኜ በሁለት ክንዴ ይዣት ነበር። ትራክተር ስንለምን የሰፈራ ጣቢያው ኀላፊ «ለእርሻ እንጂ ለሰው አልመጣም» አለን። ደሞዝና አምስት ሰዎች በአልጋ ተሸክመዋት ወደ ጋምቤላ ጉዞ ጀመሩ። ከግማሹ መንገድ አላለፈችም።

ደሞዝ የዋሸህ ራስህን እንዳታጠፋ ብሎ ነው። አድራሻህን የደበቀኝም እኔ እውነቱን እንዳልጽፍልህ ነው። እሱ አሁን የለም። እኔ አለሁ። አሥር ዓመት ዝም ያልሁት ለሱ ብዬ ነው እንጂ ላንተ ብዬ አይደለም።

የኮከብን ስም በሦስቱም ደብዳቤህ አልጻፍህም። ደካማዋ ትለይ፣ ጠንካራዋ ትቅር።

ሺታዬ

*

ኢታንግ ወረዳ
ሰኔ 16 ቀን 1988 ዓ.ም.

ዘርአብሩክ፣

መልስ አልመጣም። አልለምንህም።

ቡሪት ሚያዝያ አሥራ ስድስት ወለደች ልበል። ረድዋን ጥጃውን ከውስጧ ቆራርጦ ነው ያወጣው። እሷ ተርፋለች፤ ዳግመኛ ግን አትወልድም ብሏል። ረድዋን ሲጨርስ ግቢው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አየሁት። እናቱ ቀዳዳ ሸማ ለብሳ የመጣችው ያ ልጅ ነው።

ሺታዬ

*

ናኩሩ
ነሐሴ 22 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለሺታዬ፣

ደብዳቤሽ በግንቦት ደርሶኛል። ሁለተኛውም ደርሷል። እስካሁን ያልጻፍሁት የምጽፈው ጠፍቶኝ አይደለም። የምጽፈው ሁሉ ስድብ ስለነበረ እየቀደድሁ ነው።

መጀመሪያ ውሸታም ብዬሽ ነበር። ለወንዳፍራሽ ጻፍሁለት፤ ያንን አልጋ ከተሸከሙት ሰዎች አንዱ በሕይወት እንዳለና ጠይቆት ቃልሽን እንዳጸናለት መለሰልኝ። ስለዚህ ውሸታሙ ወንድሜ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ወባን ስረግም ኖርሁ። በወባ የታመመ ሠራተኛ እዚህ ሲመጣ፣ የኔ እንደሆነ ያህል ከጎኑ አድር ነበር። ደሞዝ ያንን ነጠቀኝ። አንቺም ነጥቀሽኛል። ሰው ሐዘኑን እንኳ በትክክል እንዳያዝን ማድረግ ምን ይባላል? ይህን ይቅር አልልሽም።

አሁን ደግሞ የኔን ስሚ። ጠይቀሽኝ ነበር፤ መጀመሪያ የሚወልዱትን ጊደሮች የምታስጠቁት በየትኛው ኮርማ ነው ብለሽ። መልሱን የዚያኑ ቀን ዐውቀው ነበር። እዚህ እርሻ ላይ ትልልቆቹ ኮርማዎች ጊደር ወዳለበት መስክ ዝር አይሉም። ለጊደሮቹ ብቻ የተለዩ ሁለት ጥቋቁር ኮርማዎች አሉ፤ ቀንድ የላቸውም፤ ራሳቸው ትንሽ ነው። የተመረጡት ጥጃቸው ሲወለድ ቀላል ስለሆነ ነው። ባለቤቱ የእያንዳንዱን ጥጃ የልደት ኪሎ በመዝገብ ያስጽፋል፤ የሚጽፈው እኔ ነኝ። በሩን የምዘጋውም እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ አንዱ እረኛ በር ረስቶ ትልቁ ኮርማ ቢገባ ያን ሰውዬ ያባረርሁት እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ መልስ ነፈግሁሽ። ለምን እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁት። ትንሽ ኮርማ ብልክ ማን ቀና ብሎ ያየዋል? ያ መንደር የሸሸውን ዘርአብሩክን ነው የሚያውቀው፤ ትልቅ ነገር ሰድጄ አፋቸውን ላስዘጋ ፈለግሁ። ደግሞም ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቅሽው አንቺ ስለሆንሽ ነው። ከማንም ሌላ ቢመጣ እመልስ ነበር። የኮከብን እጅ ይዘሽ የቀረሽው አንቺ ነበርሽ፤ በወባም ይሁን በሌላ፣ እኔ በሌለሁበት አንቺ ነበርሽ። ስምሽን ባየሁ ቁጥር ይህ ያቃጥለኛል።

ይቅርታ አልለምንም። አትሰጪኝም፤ ብትሰጪኝም አልወስደውም።

በጥር እመጣለሁ። ፈቃድ ጠይቄአለሁ። መቃብሯን ታሳዪኛለሽ። ኮርማውን ግን እስክመጣ እንዳትነኪው፤ ምን እንደማደርገው እኔው እወስናለሁ።

ዘርአብሩክ

*

ኢታንግ ወረዳ
ጥቅምት 27 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለዘርአብሩክ፣

ሁሉን የሚያይ አምላክ በመንገድህ ላይ ይሁን። ለእውነት ስለተጻፈ ደብዳቤ ሰው ይመረቃል፤ እኔም ያን ያህል እመርቅሃለሁ፤ ከዚያ አላልፍም።

በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ ያልኸውን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣሁ። ማሽላው ጥበቃ ላይ ዋልሁ። ሳታውቅ ብታደርገው ይሻለኝ ነበር።

ኮርማውን አትንኪው ያልኸው ሳይደርሰኝ በፊት ነክቼዋለሁ። ባለፈው ዓመት መስከረም አጥሩን ሰብሮ ወጥቶ የእናትነሽን ጊደር አጠቃት። እናትነሽ ከኛ ሦስተኛው ቤት ያለችው ባሏ የሞተባት ናት፤ ያለቻት ከብት ያቺው አንዲት ጊደር ነበረች። ሰኔ ላይ ስትወልድ እንደ ዳለቻ ሞተች። እናትነሽ አልሰደበችኝም። ደጄ መጥታ «ሺታዬ፣ ጊደሬ እኮ ሞተች» ብቻ አለችኝና መሬት ላይ ተቀመጠች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

እኔው ራሴ ሽማግሌ አስቀመጥሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር ኦቹዶ፣ የረድዋን አባትና ሪክ ተቀመጡ። ሪክ «ኮርማ የሰው ከብት ከገደለ ባለቤቱ ላም ይሰጣል፤ ሌላ ወሬ የለም» አለ። ኦቹዶ «ባለቤቱ የት ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ኬንያ ነው» አልሁ። «እንግዲያው ከሱ ድርሻ ይሁን» አለ። ሻሺት ቁስሏ ድኖ ነበር፤ ካንተ ድርሻ ከነጥጃዋ ለእናትነሽ ሰጠናት። ፈርሜአለሁ። ስትመጣ ወረቀቱን ታየዋለህ።

ሐምሌ አምስት ቀን ረድዋን ኮርማህን አኮላሸው። ስድስት ሰው ነው የያዘው። አሁን ቀንበር እየለመደ ነው፤ ዕድሜው ስለገፋ ያስቸግራል፤ ግን ጉልበት አለው። የገንዲ በሽታ በሬዎቻችንን ከፈጀብን ወዲህ ይህ መንደር እንዲህ ያለ የሚያርስ ከብት አላየም። ልክድህ አልችልም፤ ከሁለቱ ላሞች የወለዳቸው ጥጃዎችም ያምራሉ፤ በዓመት ከወር ዕድሜ የኛን የሁለት ዓመት ጥጃ አልፈዋል። ላሞቹም ሲወልዱ አልተቸገሩም። ለነሱ ሆኖ ቢቀር መልካም ኮርማ ነበር። አጥር የማያግደው ባይሆን፣ አዛዡም አንተ ባትሆን፣ ባላስኮላሸሁት።

ከብቶቹን ለሁለት ከፍዬአለሁ። አንዲቱ ላምና የሁለቱ ላሞች ጥጃዎች፣ በሬውም ያንተ ናቸው። ሌላይቱ ላም፣ ነጪትና ጥቁሪት ከነጥጃዎቻቸው፣ ቡሪትም የኔ ናቸው። ቡሪት የማትወልድ ስለሆነች ለማንም አትጠቅምም፤ ለዚያ ነው የወሰድኋት። ድርሻዬ በዝቶ ከታየህ ሽማግሌዎቹ አሉ። እንደ አገሩ ደንብ ጠይቃቸው። ካሁን በኋላ ግን እኔ ያንተ አደራ ጠባቂ አይደለሁም። ትእዛዝ አትጻፍልኝ።

ሐዘንህን ነጥቀሽኛል ብለሃል። እውነትህን ነው። ደሞዝ ሲዋሽ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። «ወባ በላት ብዬ ልጽፍለት ነው» ሲለኝ «እንደፈለግህ» ነው ያልሁት። ስለዚህ እኔም ይቅርታ አልለምንህም፤ ዕዳዬን ግን አልክድም።

በጥር መንገዱ ደረቅ ነው። ከጋምቤላ መኪና ታገኛለህ። ማደሪያህን ወንዳፍራሽ ዘንድ አድርግ፤ የኔ ቤት አታድርም። እህል ግን አልነፍግህም፤ ምሳ በልተህ እንሄዳለን። ኮከብን ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚያስቀብርልን ሰው አልነበረም። ከጥጥ ማሳው ወዲያ፣ ከመንገዱ በስተቀኝ ካሉት ሁለት የሾላ ዛፎች መካከል ናት። ደሞዝ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ሣሩን እየነቀለ ድንጋዩን ያስተካክል ነበር። ሁለት ዓመት ነው ማንም ሳይነካው የቀረው። ማጭድ ይዘህ ና።

ስለ መቃብሩ ጽፈሃል፤ ስለ ኮርማው ጽፈሃል። ልጁን ግን አልጠየቅኸኝም። ስለ ፈራህ ይመስለኛል። የኮከብን ሬሳ ከመንገድ ከመለሱት በኋላ አዋላጇ ልጇን አወጣቻት። ሴት ነበረች። ጸጉሯ ሙሉ ነበር። አጥቤ በነጠላዬ የጠቀለልኋት እኔ ነኝ፤ እናቷ ክንድ ላይ ነው ያስተኛናት።

ሺታዬ